ግመሉ በር ላይ ቆሞ የነገርኳቸው ተረት

አርብ አርብ ሻርጃ ትምህርት የለም፤ ዱባይ ግን ሥራ አለ። እኛ ደግሞ የምንኖረው ሁለቱ ከተሞች በሚጋፉበት ቦታ፣ አል ናህዳ ነው። "ከመስኮታችን ቢተፋ ዱባይ ላይ ያርፋል" ይላል አባቴ። እናቴም "እስቲ ሞክረውና ቅጣቱን እዚያው ሄደህ ክፈል" ትለዋለች።

ቤቱን የምትጋራን ጎረቤታችን ዱባይ ማሪና ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። እናቴም የምትሠራበት ቤት ማዳም አርብ እንግዳ ስለምታበዛ ከቤት አትውልም። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጆች፣ የሰባት ዓመቷ ልጅና የአራት ዓመቱ ወንድሟ፣ አርብ የሚባል ቀን በመጣ ቁጥር እኔ ላይ ይወድቃሉ። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። እናታቸው "እትዬ በሏት" ብላ ስላስተማረቻቸው እትዬ ነኝ፤ ማዕረጉን እወደዋለሁ፣ ሥራው ግን ከባድ ነው። ሁለት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ዘግቶ ማዋልን የሞከረ ያውቀዋል። ስልክ ሰጠኋቸው፣ ተጣሉበት። ቀለም ሰጠኋቸው፣ ግድግዳው አለቀ። በመጨረሻ ተረት ጀመርኩላቸው፤ ጸጥ አሉ።

ጸጥ አሉ ስል መጀመሪያ ከጮኹ በኋላ ነው። ሕግ ነበረን። እኔ "ተረት ተረት" ስል እነሱ "የላም በረት!" ብለው መመለስ አለባቸው፤ ጣሪያው እስኪነሳ። ድምፃቸው ካነሰ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ "አልሰማሁም!" እላለሁ፣ እነሱም የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ይደግሙታል። ከታች ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ሲደበድብ ነው በቂ መሆኑን የምናውቀው።

ተረቱ ሥራ ፍለጋ ዱባይ ስለገባ ግመል ነው። ከራሴ ነው ያወጣሁት፤ ስናገረው ራሴም እስቃለሁ። ግመሉ መጀመሪያ ኤጀንሲ ሄደ።

"ሙያህ ምንድን ነው?" አሉት።

"ሳልበላ፣ ሳልጠጣ፣ ሳልቀመጥ መዋል።"

"ማሻላህ! ማዳም ቤት ነው ቦታህ። ነገ ጀምር!"

ካራማ የሚባል ሰፈር ቤድ ስፔስ፣ ብዙ ሰው በሚጋራው ክፍል አንድ አልጋ፣ ተከራየ። ከላይ ያለውን አልጋ ሰጡት፤ እግሩ በመስኮት ወጥቶ ተንጠለጠለ፣ ከሥሩ የሚተኙት ሰዎች አንገቱ ላይ ካልሲያቸውን አሰጡ። ሜትሮ ሊሳፈር ሲል ሻኛው በሩ ላይ ተሰካ። ያቺ በድምፅ ማጉያ የምትናገር ሴትዮ "በሩ እየተዘጋ ነው፣ በሩ እየተዘጋ ነው" እያለች ዋለች፤ በሩ ግን እንዴት ይዘጋ?

አንድ ቀን ይህን ስናገር ጎረቤታችን ከሥራ ገብታ በር ላይ ስታዳምጥ ኖሯል። ኮሪደሩ ላይ ዘጭ ብላ፣ ዓይኗን በሻርፗ እየጠረገች፣ "አንቺ ልጅ፣ ይኼ ግመል እኮ እኔ ነኝ!" አለችኝ። ሆቴል ከመግባቷ በፊት ሰው ቤት ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትገባ "ደግሞ ዛሬ የት ላካችሁኝ?" ትላለች።

የማይጠግበው ትንሹ ነው። "ግመሉን አሳዪኝ" አለ። ሥዕል አሳየሁት። "እንዲህ ሳይሆን የምር" አለ።

የምሩ ያለው አባቴ ዘንድ ነው። አባቴ የአንድ ባለሀብት ቤተሰብ ሹፌር ነው፤ አርብ አርብ መኖ ጭኖ ወደ ዕዝባቸው ይሄዳል። ዕዝባ ማለት በረሃ ውስጥ ግመል የሚያረቡበት ቦታ ነው፦ የብረት አጥር፣ የውሃ ጋን፣ የቆርቆሮ ክፍል፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከአሸዋው ማዶ ሌላ አሸዋ። አባቴ የባቲ ልጅ ነው፤ የግመል ገበያ ጥግ ነው ያደገው። ስለ ግመል ሲጠየቅ ከወንበሩ ይነሳል።

እናቴ ግን ልጆቹን ይዞን መሄዱን አልወደደችውም። "አውራው ግመል አብዷል ብለኸኝ የለም እንዴ? በዚህ ሰሞን ነው ልጅ የምትወስደው?"

"አውራው ታስሯል።"

"ማን ነው ያሰረው?"

"ኧረ አንቺ ሴት! ሰውዬው ሃያ ዓመት ግመል የጠበቀ ሱዳናዊ ነው።"

"ግመል ቂመኛ ነው ያልከኝም አንተ ነህ" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "ከእጅሽ እንዳይወጡ። ሰምተሻል? የሰው ልጆች ናቸው።"

ሰምቻለሁ። የሰው ልጆች የሚለው ቃል የራስ ወንድምና እህት ከሚለው ይከብዳል፤ ያኔ ግን ክብደቱ ገና አልገባኝም ነበር።

ዐጅማን ገብተን ድርቆሽ ጫንን፣ ከዚያ ወደ በረሃው አቀናን። ልጆቹ ከኋላ ወንበር መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ይስቃሉ። ስንደርስ ጠባቂው ጥምጣሙን እያስተካከለ ወጣ። አባቴ "ዐሞ" ይለዋል፣ አጎቴ ለማለት፤ እኛም ዐሞ አልነው። አሁን የታለበ የግመል ወተት በአሉሚኒየም ሳህን ሰጠን፤ ለትንሹ አረፋው ከንፈሩ ላይ ነጭ ጺም ሠራለት። ዐሞ ለብቻው ወዳለ አጥር ጠቆመና በዐረብኛ "ልጄ፣ ከዚያኛው ጋ ሙሽኪላ አለ። እንዳትቀርቡ" አለኝ።

እዚያ የቆመው አውራው ነበር። ሥዕል ላይ እንዳሉት ዓይነት ግመል አልነበረም። ጥቁር ነው፤ ጭንቅላቱ ከአጥሩ በላይ ወጥቶ ይታያል። የፊት እግሮቹ በገመድ ተያይዘዋል። ከአፉ ነጭ አረፋ ይንጠባጠባል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ድንገት ደግሞ ከአፉ ጎን እንደ ተነፋ ፊኛ ያለ ቀይ ነገር ይወጣና ከጉሮሮው ውሃ በቱቦ ውስጥ ሲንቆረቆር ያለ ድምፅ ይሰማል። አባቴ "ሴት ሲፈልግ ነው፣ የብርድ ወራት ነገር ነው" አለና አፍሮ ወደ ሌላ ቦታ አየ።

ትንሹ ለረጅም ጊዜ አየው። "እትዬ፣ ካራማ የሚኖረው ይኼ ነው?"

"አይደለም። ያኛው ሥራ ሄዷል።"

"ይኼስ ለምን አይሄድም?"

"ቪዛው ስላለቀ ነው" አለች እህቱ፣ እንደ ትልቅ ሰው ክንዷን አጣጥፋ። አባቴ በሳቅ ሞተ።

ምንጣፍ አንጥፈን ዳቦ እየበላን ሳለ የዐሞ ስልክ ጮኸ። ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ከኮረብታው ጀርባ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሯል። አባቴ ገመድ መኪናው ላይ ጣለና "አሁን መጣን፤ ከምንጣፉ አትነሡ" አለኝ። "ያላ!" አለው ዐሞ፤ ሄዱ። የመኪናው ድምፅ ከኮረብታው ማዶ ጠፋ። በረሃ ጸጥ ሲል እንደ ከተማ አይደለም፤ የገዛ ጆሮህ ይጮኽብሃል።

ቀድማ ያየችው እህትየው ናት። "እትዬ፣ እሱ እየሄደ ነው።"

ገመዱ ተበጥሶ አንዱ እግሩ ላይ ይጎተታል። አውራው ደረቱን የአጥሩ በር ላይ አስደግፎ ነበር፤ ብረቱ አቃሰተ። ከዚያ በሩ ተከፈተ አልልም፤ ተኛ። ግመሉ ረገጠውና ወጣ። አልሮጠም። ቢሮጥ ይሻለኝ ነበር። አንገቱን አርዝሞ፣ ጭራውን ወገቡ ላይ እየደበደበ፣ ቤቱን እንደሚጎበኝ ባለቤት ቀስ እያለ ነው የመጣው።

ትንሹን አቀፍኩ፣ የእህቱን እጅ ያዝኩ፣ ወደ መኖው ክፍል ሮጥን። ስልኬ ምንጣፉ ላይ ቀረ። ክፍሉ ቆርቆሮ ነው፣ በሩም ቆርቆሮ፤ ብገፋው ግን አልዘጋ አለኝ። ንፋስ ያመጣው አሸዋ ከሥሩ ተቆልሎ ገትሮታል። በትከሻዬ ገፋሁት፣ ሰው በጎን የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። የግመል አንገት ደግሞ ከሰው ይቀጥናል። ተውኩትና ልጆቹን ይዤ ከተደረደረው ድርቆሽ ጀርባ ገባሁ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይባላል። እኔ ግመል አልሰረቅሁም፤ ማጎንበሱን ግን በደንብ አጎነበስኩት።

በቆርቆሮው ቀዳዳ ጥላው ሲያልፍ ይታያል። ያ ድምፅ ይንቆረቆራል፣ ይቆማል፣ ይንቆረቆራል። የልጅቷ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገብቷል። የትንሹ ታችኛው ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። አውቀዋለሁ፤ ከንፈሩ እንዲህ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው የሰፈር ሰው የሚያስወጣ ለቅሶ ነው። አስቀድሜ ዝም ላሰኘው ፈለግሁ። እሱን ዝም የሚያሰኝ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አፌን ጆሮው ላይ አድርጌ፣ ሳላስብ፣ በሹክሹክታ፦

"ተረት ተረት።"

"የላም በረት!!"

ሁለቱም። በአንድ ላይ። ቆርቆሮው አስተጋባ። እንዳስተማርኳቸው፣ ከአንገታቸው ሥር።

ውጭ ያለው ኮቴ ቆመ። ልጅቷ በገዛ እጇ አፏን ያዘች፤ ዓይኗ ፊቷን ሞላው። ትንሹ ግን ተረቱ መጀመሩን ስላመነ ለቅሶውን ትቶ ፊቴን እያየ ይጠብቃል።

ብርሃኑ ጠፋ። ጭንቅላቱ በክፍተቱ ገባ፣ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ አሁንም አንገት። ከላያችን ካለው ድርቆሽ ላይ አረፋ ጠብ ሲል ሰማሁ። ሽታው የረጠበ ቆዳና የቆየ ሽንት ነው። ክፍሉ ውስጥ አየር ሲስብ ፀጉሬ የተነሳ መሰለኝ። አባቴ አንድ ጊዜ የነገረኝ ትዝ አለኝ፤ ያበደ አውራ ሰውን መንከስ ብቻ አይደለም፣ ተንበርክኮ በደረቱ ይጫነዋል። ለምን ነገረኝ? የሁለት የሰው ልጆች ራስ በሁለት መዳፌ ሥር አለ፤ ትንሽ ድምፅ ካወጣን ያገኘናል።

ትንሹ አገጬን ጎተተ። ተረቱስ? ማለቱ ነው። አሁን ከተውኩ ይጠይቃል፣ ድምፅ አውጥቶ። ስለዚህ ከንፈሬን ከጆሯቸው አጣብቄ፣ ትንፋሽ በምታህል ድምፅ ቀጠልኩ።

"ግመላችን ማዳም ቤት ተቀጠረ። ማዳም ቀን ቀን ትተኛለች። ድምፅ ያሰማ፣ ኸላስ፣ ይባረራል። እዚያ ቤት መሳቅ የሚቻለው በሆድ ብቻ ነው። እናንተም እዚያ ቤት ናችሁ። በሆድ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ግመሉ ቃሪያ ሲከትፍ ማስነጠስ መጣበት። ማስነጠስ ክልክል ነው! አፍንጫውን ያዘ። ማስነጠሱ መውጫ አጣና ወደ አንገቱ ወረደ። አንገቱ ረጅም ስለሆነ መንገድ ላይ ትራፊክ ያዘው።"

የትንሹ ሆድ ክንዴ ላይ ተርገበገበ። ድምፅ የለም። ከላይ ቆርቆሮው ተንጋጋ፤ አውራው ማጅራቱን በሩ ላይ እያሸ ነው። ክፍሉ ሁሉ ይወዛወዛል። እኔ ጥርሴ እንዳይንቀጫቀጭ ምላሴን በመሃል አድርጌዋለሁ፣ ስለዚህ ተረቱ ተኮላተፈ፤ እሱ ደግሞ የባሰ አሳቃቸው።

"ማስነጠሱ ሻኛው ውስጥ ገባ። ሻኛው አበጠ። እንግዶች መጡና ትራስ መስሏቸው ተደገፉት። 'ማሻላህ፣ ይኼ ትራስ ይሞቃል' አሉ። ግመሉ በልቡ 'ኧረ ተነሡልኝ፣ ልፈነዳ ነው!' ይላል..."

ልጅቷ ፊቷን ጉልበቴ ውስጥ ቀብራ ትንቀጠቀጣለች። በሳቅ ይሁን በፍርሃት አላውቅም። የትንሹን ግን አውቃለሁ፤ ጭኔ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማኝ። ሸንቶብኛል። በሳቅ ነው የሸናው። አረፋ ያለበት ከንፈር ከላያችን ካለው ድርቆሽ ዘለላ ነቀለ፣ ወረወረው፣ ራሴ ላይ ወደቀ። አላራገፍኩትም። ማስነጠሱን ወደ ኋላ እግሩ አወረድኩት፣ ከእግሩ ወደ ጭራው፣ ከጭራው መለስኩት። ምን እንዳልኩ ግማሹን አላስታውስም። የማስታውሰው ቃል ካለቀብኝ እንደምናልቅ ማሰቤን ነው።

ከዚያ መኪና መጣ።

"ልጆች!" አለ አባቴ። ደግሞ "ልጆች!" ደግሞ "ልጄ! የኔ እናት! የት ናችሁ?"

መመለስ አልችልም። ግመሉ በእኔና በሱ መሃል ነው። አባቴ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ እናቴ ስትጮህ እንኳ ራዲዮ የሚከፍት ሰው ነው። አሁን ድምፁ ቀጥኖ እንደ ልጅ ድምፅ ሆነ፣ መጨረሻ ላይም ተሰበረ። እኛ ዝም ስላልን ነው። ዝምታችን ለሱ ምን እንደሚመስል ሲገባኝ ከግመሉ ይልቅ እሱ አስፈራኝ። እንባዬ ወረደ፤ አፌ ግን ስለ ጭራ ያወራል።

ዐሞ ሲናገር ሰማሁ፤ በቀስታ፣ ግመል በሚያባብልበት ድምፅ፦ "አትጩህ ወንድሜ። ዋላሂ፣ አትጩህ።" ከዚያ የሌላ አጥር በር ተከፈተ። የሌላ ግመል ኮቴ በአሸዋው ላይ አለፈ፤ ቀላል፣ ፈጠን ያለ። ዐሞ አንዲት ሴት ግመል በበሩ ፊት እየመራ አሳለፈ። የአውራው አንገት ከላያችን በገባበት መንገድ ወደ ኋላ ተሳበ። ብርሃን ገባ። ኮቴው ኮቴዋን ተከትሎ ሄደ፤ ሄደ፤ ብረት ሲዘጋ፣ ሰንሰለት ሲጠመጠም ሰማሁ።

አባቴ በክፍተቱ ለመግባት አልጠበቀም፣ በሩን ከነማጠፊያው ነቀለው። ሦስታችንንም እጅ እጃችንን፣ እግር እግራችንን እየዳሰሰ "ደህና ናችሁ? ደህና ናችሁ?" ይላል፤ እኔን ሁለት ጊዜ ዳሰሰኝ። ዐሞ በር ላይ አሸዋው ላይ ተቀምጦ "አልሐምዱሊላህ" ይላል፣ ይደግማል።

"አነጠሰ?" አለ ትንሹ።

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። እስከ አል ናህዳ ድረስ፣ ያን ሁሉ የትራፊክ መጨናነቅ አልፈን፣ አንድ ቃል አልወጣኝም። አባቴም መሪውን በሁለት እጁ እንደጨበጠ ነዳ።

ለእናቴ እሱ ነገራት። አልጮኸችም፣ ያም ደስ አላለኝም። ለጎረቤታችን ግን እኔ ነኝ መናገር ያለብኝ አልኩ። ከማሪና ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ነገርኳት፤ የጮኹትን፣ የገባውን አንገት፣ ሁሉን። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ስጨርስ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ትንሹን አስጠግታ የራስ ቅሉን አሸተተችው፣ የድርቆሽ ሽታ ነበረው መሰለኝ። "እኔ ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ" አለች። የቀረውን አልጨረሰችውም።

በሚቀጥለው አርብ የክፍላችንን በር አታንኳኳም ብዬ አድሬ ነበር። አንኳኳች። ልጆቹን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ "ቆልፊ" አለችኝ፣ ያን ብቻ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ እስኪዞር ከውጭ ቆማ ስታዳምጥ ሰማኋት።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን ያየሁት። ትንሹ ሲስቅ ድምፅ የለውም። አፉን ይከፍታል፣ ሆዱ ይርገበገባል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ካርቱን ሲያይም፣ አባቴ ሲኮረኩረውም እንዲሁ። እናቱ "ይኼ ልጅ ምን ነክቶታል?" ትላለች። እህቱ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ማዳም ተኝታለች ብዬዋለሁ፤ ተነሥታለች አላልኩትም። "ማዳም ተነሣች፣ አሁን መጮህ ይቻላል" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እንደገና በሆዱ ሳቀ።

አዲስ ተረት አወጣሁ፣ ከሁሉ የሚያስቅ። በሆዱ። ፊቴን በዱቄት ቀባሁ። በሆዱ። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይኼ ልጅ እንዲህ ሆኖ ቢያድግስ እያልኩ እፈራ ነበር፤ ግመሉ ከሄደ በኋላ የቀረ ፍርሃት ነው።

ባለፈው አርብ ምሳ እያቀረብኩ ሳለ እህቱ ካልሲዋን እንዳደረገች ኮሪደሩ ላይ ለመንሸራተት ተንደረደረች፣ አልቆም አላትና ቂጧን መትታ ሄዳ ማጠቢያ ማሽኑ ሥር ተገኘች። "ወይኔ ቂጤ!" አለች።

ትንሹ ፈነዳ። ቀጭን፣ የሚጮህ፣ ግድግዳ የሚያልፍ ሳቅ ነው። የጠበቅሁት ሳቅ ነው። እኔ ግን ሳላውቀው ሳህኑን ጥዬ፣ በሁለት እርምጃ ደርሼ አፉን በመዳፌ ዘግቼዋለሁ፤ ዓይኔ በሩ ላይ ነው።

ከእጄ በላይ ሆኖ ያየኛል። መዳፌ ሥር ትንፋሹ ይሞቃል። የውጭው በር ተቆልፏል፤ ኮሪደሩ ላይ የሰው ጫማ ብቻ ነው ያለው። እጄን ለማንሳት ከራሴ ጋር መታገል ነበረብኝ።

"ሳቅ" አልኩት። "ማንም የለም። እኔ ነኝ የፈራሁት። አንተ ሳቅ።"